በባሕር ዳር የሳንቃ ቤት ስለ መሥራት

ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለ ሠራው ሰነፍ ሰውና በዐለት ላይ ስለ ሠራው ልባም ሰው የተነገረውን ምሳሌ የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው ግን ምሳሌው ድንጋይን ያመሰገነ፥ እንጨትን የነቀፈ ይመስለዋል። ነገሩን ብንመረምረው የሚናገረው ስለ መሠረት እንጂ ስለ ግድግዳ አይደለም።

ይህን ያሰብነው በምጽዋ ለአክስታችን አንዲት የሳንቃ ቤት ለማሠራት በተነሣን ጊዜ ነው። አጎታችን ሐሳባችንን ሲሰሙ፥ «ልጆቼ፥ የሳንቃ ቤት የመንገደኛ ማረፊያ ነው፤ እኅቴን ከድንጋይ ቤት አውጥታችሁ በሣጥን ውስጥ ልታኖሩአት ነውን?» አሉን። ያደጉት ከባሕር በወጣ ድንጋይ ተገንብተው በኖራ በተለሰኑት በአሮጌው ከተማ ቤቶች መካከል ስለሆነ አነጋገራቸው አላስደነቀንም። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. የምድር መናወጥ ምጽዋን በመታ ጊዜ እነዚያ የድንጋይ ሕንፃዎች ብርቱ ጕዳት ደርሶባቸዋል።

የእንጨት ቤት በእንዲህ ያለ ቀን ምን እንደሚሆን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ኒው ዚላንድን ይመልከት። በዚያ አገር ሳንቃው እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ የሚሠራ ቤት እጅግ የተለመደ ነው። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1931 በባሕር ዳር ያለችውን የኔፒየርን ከተማና አውራጃዋን መጠኑ 7.8 የሆነ የምድር መናወጥ መታቸው፤ 256 ሰዎችም ሞቱ። በከተማዪቱ መካከል የነበሩት የጡብ ሕንፃዎች ወደቁ፥ እሳትም በላቸው። የሳንቃዎቹ መኖሪያ ቤቶች ግን አብዛኞቹ የጡብ ጭስ መውጫቸው ወድቆ እነርሱ ቆመው ተገኙ። እንጨት ቀላልና ተለማጭ ስለሆነ ከምድር ጋር ይወዛወዛልና።

ይሁን እንጂ እኛ የሠራነው የመጀመሪያው ግድግዳ አሳፈረን። ሥራው ከኅዳር ዝናም በፊት እንዲያልቅ አናጢውን አቻኮልነው። እርሱም ተራ የብረት ሚስማር ወስዶ የላይኛውንና የታችኛውን ሳንቃ በአንድነት ወጋቸው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ሁለቱ ሳንቃዎች በአንድ ሚስማር ስለ ታሰሩ ፈቀቅ ማለት አልቻሉምና ተሰነጠቁ። የባሕሩ ጨው ደግሞ ሚስማሩን አዝጎ በግድግዳው ላይ ቡናማ እንባ አፈሰሰ። ዝናሙም እስከ አክስታችን አልጋ ደረሰ። እርሳቸው አንዳች ሳይናገሩ አልጋቸውን ወደ መካከል ሳቡ፤ ዝምታቸው ከአጎታችን ተግሣጽ ይልቅ ከበደን።

ወለሉ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ፥ ምስጥም ሲወጣ እንዲታይ በቋሚዎች ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ የተሠራ ስለ ነበረ አልነካነውም። ግድግዳውን ግን አፍርሰን እንደ ገና ስንሠራ የሚከተለውን ጠበቅን።

መጀመሪያ፥ በሳንቃውና በውስጡ ግድግዳ መካከል የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ስፍራ ተውን፤ ሾልኮ የገባ ውኃ በዚያ ወርዶ ይወጣል፥ የቀረውንም ነፋስ ያደርቀዋል። ሁለተኛ፥ ሳንቃውን ከታች ወደ ላይ እየደረደርን፥ የላይኛው በታችኛው ላይ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል እንዲደረብ አደረግን። ሚስማሩም ዝገት የማይነካው ሆኖ፥ ከተደረበው ስፍራ ጥቂት ከፍ ብሎ የላይኛውን ሳንቃ ብቻ እንዲወጋ አደረግን። ሦስተኛ፥ ሳንቃው ከመመታቱ በፊት ጀርባውንና የተቈረጠውን ጫፍ ቀለም ቀባን፤ እንጨት ይልቁንም በጫፉ ውኃ ይጠጣልና። መስኮቶቹንም ከአክስታችን ጋር ተማክረን፥ ነፋስ ከባሕር ገብቶ በማዶው እንዲወጣ ፊት ለፊት አደረግናቸው።

ባዶው ስፍራ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። በዚያችው በኒው ዚላንድ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በልስን የተሸፈኑ፥ ውኃ የሚወጣበት ክፍተት የሌላቸውና እንጨታቸው የመበስበስ መከላከያ ያላገኘ ብዙ ቤቶች ተሠርተው ነበር። የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ አጥንታቸውን አበሰበሰው።

ሁለተኛው ግድግዳ ከቆመ በኋላ አጎታችን ሊጠይቁን መጡ። የድንጋይ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ ሳንቃ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ይበርዳል። እርሳቸውም እስከ እኩለ ሌሊት ሲጫወቱ ቈይተው፥ «ልጆቼ፥ ለእኔስ አልጋ መዘርጊያ ስፍራ ይገኛልን?» አሉ።

እንግዲህ ቤት ለማሠራት ለሚያስቡ ሁሉ የምንመክረው ይህን ነው፤ የሚያሳፍር ችኰላ እንጂ እንጨት አይደለም።