የኪራይ ቤት ዐጸድ የማን ዕዳ ነው?

በጠበቃነት ሥራዬ ዘወትር የሚያጋጥመኝ፣ ከእናንተም ከተከታታዮቼ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ፣ ግቢው የአከራዩ ስለ ሆነ ሣሩን ማጨድና አትክልቱን ማጠጣትም የእርሱ ግዴታ ነው ከሚል ስሕተት የሚመነጭ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራይ የተረከበውን በጥንቃቄ እንዲይዝ ስለሚያዝ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር የዕለት ተዕለቱ ክብካቤ የተከራዩ ነው፤ በእርጅና ብቻ ወይም ከዐቅም በላይ በሆነ ኃይል የመጣውን ጉዳት ማደስ ግን በእርሱ ላይ አይወድቅምና፣ የክረምት ዐውሎ የገነደሰው ባሕር ዛፍ የአከራዩ ዕዳ ነው (አብዛኛው ጠብ የሚነሣውም ከዚሁ ዛፍ ነው)።

ተከራዮች ሆይ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ዛፍ አትቍረጡ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ስላዘዘ፣ የዐጸዱንም ነገር እዚያው አስጽፉ።

የቀረ ጥያቄ ያላችሁ ከሥር ጻፉልኝ።