ጫት ለመተው የተነሣን ልጅ እንዴት እናግዘው?



ውድ አድማጮቻችን፣ ባለፈው ዝግጅታችን ማብቂያ ላይ አንዲት እናት ደውለውልን ነበር። ልጃቸው ለዓመታት ሲቅም ቆይቶ ጫት ለመተው ወስኗል። በርጫውን ባቆመ በሦስተኛው ሌሊት ግን «የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦ አነቀኝ» እያለ በጩኸት ተነሣ። ቀን ቀን ይተኛል፣ ሲያናግሩት ይቆጣል። ጎረቤት «ጂን ነው» አለ። እናትየዋም «ሩቅያ ላስደርግለት ወይስ ሐኪም ቤት ልውሰደው?» ብለው ጠየቁን። ሰዓት አልቆብን በቂ መልስ ስላልሰጠናቸው ዛሬ እንመለስበታለን። የጫትን ሑክም ዑለሞቻችን በቦታው ይናገሩበታል። የኛ ጉዳይ ለመተው የተነሣው ልጅ ነው።

በመጀመሪያ የሌሊቱን ነገር እንይ። በለጋ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በ1975 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የታወቀ ሲሆን አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል፤ ቃሚ የትናንቱን ትቶ የዛሬውን የሚፈልገውም ለዚህ ነው። በየቀኑ በምርቃና ሲቀሰቀስ የኖረ አእምሮ ድንገት ሲቋረጥበት መፍዘዝ፣ የእንቅልፍ ብዛት፣ ድብርት፣ ብስጭት፣ ሐራራና አስፈሪ ሕልም ይከተላሉ። ቃሚዎች «ዱካክ» የሚሉት ሕልሙን ነው። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት፣ ቢዘገይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ለእናትየዋ መጀመሪያ ልንነግራቸው ይገባን የነበረው ይህ ነው። ይህን ያላወቀ ልጅ «ያለ ጫት ላብድ ነው» ብሎ ይፈራና ወደ ቅሚያው ይመለሳል።

ሩቅያውን አታድርጉ አንልም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዱዓንም ሕክምናንም አስተምረውናልና ሁለቱን ማጣላት የኛ ስህተት ነው። ልጁን ማሰር፣ መምታት፣ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ማስቆም ግን ሩቅያ አይደለም።

አንዳንድ ምልክት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ «ሊገድሉኝ ነው» እያለ ከቤተሰቡ የሚሸሽ፣ ሞትን የሚመኝ ወይም ራሱን ስለ ማጥፋት የሚናገር ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ ብቻውንም አይተው። በብዛት መቃም በአንዳንዱ ሰው ላይ እንዲህ ያለ መታወክ ያመጣል፤ ቀድሞ የነበረ ሕመምንም ያብሳል። በቤታችን ለመናገር የምናፍረው ሌላም አለ፦ ጨብሲ። ልጁ ከጫቱ በኋላ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ከነበረ መጠጥን በአንዴ ማቋረጥ እስከ ሞት የሚያደርስ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። የእንቅልፍ ክኒን የለመደም እንዲሁ። ስለዚህ ለሐኪሙ እውነቱ ይነገረው።

ለጫት ሱስ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ሕክምናው በአመዛኙ ንግግር ነው። ይህን ስንል «ንግግርማ ቤታችን ሞልቷል» የሚሉን አሉ። ቤታችን የሞላው ግን ወቀሳ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር መጠጥ ለመተው የሚታከሙ ሰዎችን ይዞ በ1983 የጻፈው ቁም ነገር ሰው በተወቀሰ ቁጥር ለልማዱ ጠበቃ ይሆናል የሚል ነው። ስለዚህ ባለሙያው ይጠይቃል፦ ከጫቱ ምን ታገኛለህ? ምንስ አሳጣህ? ረመዷን ቀኑን ሙሉ ሳትቅም የምትውለው እንዴት ነው? አንዳንዱ ማታ ከፊጥር በኋላ እንደሚቅም እናውቃለን። ቢሆንም «አልችልም» የሚለው ልጅ ሠላሳ ቀን ከፈጅር እስከ መግሪብ መቻሉን በራሱ አፍ ይናገራል። የእናት ምክር መቶ ጊዜ ቢደጋገም ይህን አያመጣም።

ከዚያ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የሚባለው ይከተላል። ልጁ ሐራራው በስንት ሰዓት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደነበር፣ ምን እንዳሰበ በደብተር ይጽፋል። ከዙህር በኋላ ጓደኞቹ የሚሰበሰቡበት ቤት፣ ኪስ ውስጥ ያለች ገንዘብ፣ «ዛሬን ብቻ» የምትል ሐሳብ በየገጹ ትታያለች። ከባለሙያው ጋር ሆኖ ለዚያች ሐሳብ መልስ ያዘጋጃል፤ ለዚያ ሰዓትም ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ሐራራ እንደ ማዕበል ተነሥቶ እንደሚወርድም ይለማመዳል።

ይህ የባዕድ ነገር ለሚመስላችሁ፣ በ322 ዓመተ ሂጅራ (934) ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት ኪታብ ሐዘንን፣ ፍርሃትን፣ ቁጣንና ወስዋስን ለየብቻ አይተዋል። ሰው ለሰውነቱ መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ነፍሱ በረጋችበት ጊዜ መልካም ሐሳቦችን ለክፉ ቀን ያኑር ብለዋል። የነፍሱን ክፍል ሱዳናዊው ሊቅ ማሊክ በድሪ በ2013 ወደ እንግሊዝኛ መልሰውታል።

እናታችን፣ እርስዎ አሁን የሚፈሩት ልጅዎ አንድ ቀን ቅሞ ቢመጣ ምን ላደርግ ነው የሚለውን ይመስለናል። ሊመጣ ይችላል። አለን ማርላት የተባለው ተመራማሪ እንዳሳየው ሰውን ይበልጥ የሚጥለው ያቺ አንድ ቀን ሳትሆን «በቃ፣ አልሆነልኝም» ብሎ ሁሉንም መልቀቁ ነው። ያን ማታ አይከራከሩት፤ በምርቃና ያለ ሰው ጋር የሚደረግ ክርክር ፍሬ የለውም። እራት ያቅርቡለት፣ ይተኛ። ጠዋት «ትናንት ከመቃምህ በፊት ምን ሆነህ ነበር?» ብለው ይጠይቁትና ደብተሩ ላይ ይጻፈው። አዲስ አበባ ከሆኑ አማኑኤል ሆስፒታል፣ ሌላ ቦታ ከሆኑ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ይውሰዱት። አብረውት ይሂዱ፤ ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገር ግን ውጭ ይጠብቁት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።