ሰው ወደ ሥራው በምን እንደሚሄድ ቆጠራ እንዴት ይመዘግባል?

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ በኩል ሮብ ገበያ የሚባል ቦታ አለ። ስሙን የሰማ ሰው ሮብ ሮብ ሕዝቡ ከየጎጡ ወዴት እንደሚጎርፍ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ነገር ግን ስሙ የማይነግረን ብዙ ነው። ከገበያተኛው ስንቱ በእግሩ ይመጣል? ስንቱ በበቅሎ፣ ስንቱ በመኪና? ከቤቱ እስከ ገበያው ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ይህን የሚያውቅ ሰው መንገድ የት እንደሚያስፈልግ ያውቃል። የሚታወቀውም በመቁጠር ነው።

የሕዝብ ቆጠራ ማለት በአንድ አገር የሚኖረውን ሰው ሁሉ ቤት ለቤት እየዞሩ መመዝገብ ነው። ስምን፣ ዕድሜን፣ ጾታን፣ ሥራን ይጠይቃል። በአንዳንድ አገሮች ከዚህ ላይ “ወደ ሥራህ በምን ትሄዳለህ?” የሚል ጥያቄ ይጨመራል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዞች የሥራ ቦታን አድራሻ በቆጠራ መጠየቅ የጀመሩት በ1921 ነው፤ በምን እንደሚሄዱ ግን እስከ 1966 ድረስ አልጠየቁም። አሜሪካኖች በ1960 ጠየቁ። መንገዱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል የሚለውን ደግሞ በ1980 ጨመሩበት። ከተሞቻቸው ሰፍተው ነበር። ሰው በአንድ በኩል እያደረ በሌላ በኩል ይሠራ ጀመር። ስንት አውቶቡስ፣ ስንት ባቡር፣ ምን ያህል ሰፊ መንገድ ያስፈልጋል ለማለት ቁጥር አስፈለጋቸው።

አጠያየቁ እንዲህ ነው። በመጠይቁ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች ይደረደራሉ፤ በእግር፣ በብስክሌት፣ በሞተር ብስክሌት፣ በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ በመኪና፣ እንዲሁም በቤቱ የሚሠራ የሚል አለ። ተጠያቂው ምልክት የሚያደርገው በአንዱ ሳጥን ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ከፊሉን መንገድ በእግር፣ ከፊሉን በመኪና የሄደ ሰው ምን ይበል? ደንቡ “ረጅሙን ርቀት የሄድክበትን ብቻ ምረጥ” ይላል።

ይህ ደንብ ወደ እኛ ቢመጣ ምን ይሆናል? አንድ ሰው ከቆላ ቀበሌው ተነሥቶ 5 ኪሎ ሜትር ዳገት በእግሩ ወጣ እንበል። ዳገት ነውና አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ከመንገዱ ሲደርስ አይሱዙ አገኘና ተሳፈረ፤ 20 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቢቸና ገባ። በመኪናው ላይ የቆየው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ቆጣሪው ግን “በመኪና” ብሎ ይመዘግበዋል፤ ረጅሙ ርቀት የመኪናው ነዋ! ጉልበቱን የጨረሰው ዳገት ከመዝገቡ ወጣ ማለት ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ የእግሩን መንገድ ግን አያሳይም።

ለእኛ ኑሮ ቀረብ የሚለው የሕንድ ቆጠራ ነው። ሕንዶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ከቤት እስከ ሥራ ያለውን ርቀትና በምን እንደሚሄዱ ጠየቁ። ከምርጫዎቹ መካከል እኛ ባጃጅ የምንላት ባለ ሦስት እግር ታክሲም፣ በውኃ ላይ መጓዝም ነበሩበት። ግን አንድ ነገር አለ። የራሱን መሬት የሚያርሰው ገበሬም ሆነ በሰው እርሻ ተቀጥሮ የሚውለው ሠራተኛ ይህን ጥያቄ አልተጠየቁም። የገበሬ የሥራ ቦታ ደጁ ነው ተብሎ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ የሚያስብ ሰው ማሳው በየቦታው የተበጣጠሰበትን ገበሬ አላየም። አንዱ ማሳ ከጓሮ ነው፣ ሌላው ከወንዝ ማዶ፣ ሦስተኛው ከገደሉ ሥር። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ፣ በሬ እየነዱ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄዱስ ጉዞ አይደለም እንዴ?

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ እስካሁን ሦስት ጊዜ አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ አካሂዳለች። የመጀመሪያው ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው የተገኘው ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን በላይ ነበር። ወደ ሥራ በምን ትሄዳላችሁ የሚል ጥያቄ ግን በሦስቱም አልተጠየቀም። የተጠየቀው ሥራው ራሱ ነው። ባለፉት 7 ቀናት ሠርተዋል ወይ? ሥራዎ ምንድን ነው? በ1999ኙ ቆጠራ ይህን የሚይዘው ረጅም መጠይቅ የደረሰው ከአምስት ቤት ለአንዱ ነበር፤ ሌሎቹ አጭሩን ብቻ መለሱ።

“ባለፉት 7 ቀናት” የምትለዋ አነጋገር ቀላል ትመስላለች። እስቲ በ1987ቱ ቆጠራ ዋዜማ የነበሩትን 7 ቀናት እንቁጠራቸው። መስከረም 24 ማክሰኞ ነበር። ሮብ 25 የገበያ ቀን ነው። ሐሙስ ሥራ ነው። ዓርብ 27 መድኃኔ ዓለም ዋለ፤ ቅዳሜ ሰንበት፤ እሑድ 29 በዓለ ወልድ። ከዚያ ሰኞ። በዓሉን ሁሉ የሚያከብር ገበሬ በዚያ ሳምንት እርሻ የዋለው ቢበዛ ሦስት ቀን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቢጠየቅ ደግሞ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። ግንቦት ላይ ሰው ከበሬው ኋላ ነው፤ ጥቅምት ላይ ሰብል ይጠብቃል።

የቀን ነገር ሌሎችንም አስቸግሯል። በእንግሊዝና በዌልስ የተደረገው የ2021 ቆጠራ በኮሮና በሽታ ምክንያት ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ በታዘዘበት ወቅት ላይ ዋለ። በዚያን ጊዜ ከሠራተኛው ከመቶ 31 ያህሉ በቤቴ ነው የምሠራው አለ። ያን ቁጥር ብቻ አይቶ የአውቶቡስ ቁጥር የሚቀንስ ሹም ቢኖር በኋላ ሕዝቡን ጎዳና ላይ ያስቀረው ነበር።

ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የሴቶቹ መንገድ ነው። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እህል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ማድረስ በብዙ አገር ቆጠራ “ወደ ሥራ የሚደረግ ጉዞ” አይባልም። ደመወዝ የለውማ! በቀን ሁለት ጊዜ እንስራ አዝላ የምትወጣ የምትወርድ እናት “ሥራ የላትም” ተብላ ልትጻፍ ትችላለች። ይህን ለመያዝ ሌላ ዐይነት ጥናት አስፈለገ። በ2005 ዓ.ም. በአገራችን የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ተደረገ። ሰዎች በ24 ሰዓት ውስጥ ምን ሲሠሩ እንደዋሉ፣ በየትኛው ሰዓት ምን እንዳደረጉ ተጠየቁ። በዚህ ጥናት የውኃው መንገድ ሥፍራ አገኘ።

ከቆጠራው መንገድን የሚያገኙበት ዘዴም አለ። በዓለም የሚሠራበት አንድ መለኪያ፣ በበጋም በክረምትም መኪና ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖረው የገጠር ሕዝብ ከመቶ ስንት እንደሆነ ያሰላል። 2 ኪሎ ሜትር ሜዳ ለሜዳ የግማሽ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ለዚህ ስሌት የመንገዱ ካርታና በየቀበሌው የሚኖረው ሕዝብ ቁጥር ያስፈልጋል። በ2003 ዓ.ም. ቀበሌዎችን ሁሉ ከመንገድ ጋር ለማገናኘት ፕሮግራም ሲጀመር ሰው የት እንደሚኖር የተነገረው በ1999ኙ ቆጠራ ነበር። በዚያ ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም ከ2 ሚሊዮን 150 ሺህ በላይ ሕዝብ ተመዝግቦበታል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የገጠር ነዋሪ ነው። አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ዓ.ም. ታስቦ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም.ም እንደገና ተላለፈ። በ1999 ዓ.ም. የተወለደው ሕፃን ዛሬ ጎረምሳ ሆኖ በሬ ይጠምዳል። ከእርሱ በኋላ የመጡት በግምት ብቻ ነው የሚታወቁት።

በቆጠራና በቆጠራ መካከል ያለውን የሚሞሉት ጥቂት ቤቶችን መርጠው የሚጠይቁ የናሙና ጥናቶች ናቸው። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው የሚደረግ አንድ የኑሮ ሁኔታ ጥናት አለ። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ገበያው፣ ወፍጮው፣ የመኪናው መንገድ ከቤት ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ቆጣሪና ተጠያቂ በቀላሉ አይግባቡም። የገጠር ሰው መንገድን በኪሎ ሜትር አይለካም፤ በሰዓትና በድካም ነው የሚለካው።

“አባቴ፣ ገበያው ከቤትዎ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?”

“ስሄድ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው ልጄ። ስመለስ ዳገት ነው፣ ሦስትም ይሆናል። አህያዬ ከተጫነች ከዚያም ያልፋል።”

“በአማካይ ስንት ልበል?”

“በጋ ነው ክረምት የምትጠይቀኝ? ክረምትማ ወንዙ ከሞላ ከወዲህ ማዶ እናድራለን እንጂ አንሻገርም።”

ቆጣሪው ያስባል፤ አንድ ሰዓት ሜዳ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዳገቱ ግን ከዚያ ያንሳል ብሎ ያሰላል። 8 ብሎ ይጽፋል። በመጠይቁ ላይ የተተወው ቦታ ለአንድ ቁጥር ነው፤ ወንዙ የሚጻፍበት መስመር የለም።