መፈንቅል

መፈንቅል «ፈነቀለ» ከሚለው ግስ የወጣ ቃል ሲሆን፥ ከባድ ነገርን ከሥሩ ገፍቶ የሚያነሣ መሣሪያ ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን የሚያውቀው «መፈንቅለ መንግሥት» ሲባል ብቻ ነው፤ መንግሥትም እንደ ደንጊያ ተቈጥሮ መሆኑ ነው።

በአዳማ አካባቢ ደንጊያ የሚያወጣ ሠራተኛ መፈንቅሉ ዲጅኖ ነው። ርዝመቱ 150 ሳንቲሜትር የሆነውን ዲጅኖ ከጫፉ በ25 ሳንቲሜትር ላይ ቢያስደግፈው፥ በእጁ በኩል 125 ስለሚቀር፥ የ50 ኪሎ ጫና 250 ኪሎ ያህል ያነሣል። ነገር ግን ደንጊያው አንድ ጣት ከፍ እንዲል እጁ አምስት ጣት ዝቅ ማለት አለበት።

ዋናው ጥንቃቄ በመደገፊያው ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆው የሚገኘው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ደንጊያ ሲጫኑት ይፈረፈራል፤ ያን ጊዜ ዲጅኖው ያመልጥና እግር ይሰበራል። ስለዚህ ጠንካራ ጥቁር ደንጊያ ፈልጋችሁ አስደግፉ፤ እግራችሁንም ከሚነሣው ደንጊያ ሥር አታግቡ።