«ግቡ፣ ፈትሹ» የምንለው ከልባችን ነው ወይስ ፈርተን?

ወጣቶች፣ እስቲ እንጠያየቅ! ከተማው ውጥረት ላይ ነው እንበል። ማታ በራችሁ ተንኳኳ። «ፖሊስ ነን፤ ለፍተሻ ነው!» ምን ትላላችሁ? ብዙ ሰው ሳያመነታ «ግቡ» ነው የሚለው። አንዱ «ንጹሕ ከሆንኩ ምን ያስፈራኛል?» ብሎ ነው። ሌላው ሰፈሩ ሰላም ውሎ ይደር እንጂ ሻንጣዬ ቢበረበር ግድ የለኝም ብሎ ነው። ሦስተኛው ግን «እምቢ» ማለት የሚቻል ስለማይመስለው ብቻ ነው። የሦስቱም አፍ «እሺ» ብሏል፤ ልባቸው ግን ለየቅል ነው።

ሕጉስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 መኖሪያችን፣ ሰውነታችንና ንብረታችን ከብርበራ የተጠበቁ ናቸው ይላል። በደህናው ጊዜ ቤት ለመፈተሽ በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልጋል። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን ያለ ማዘዣ መፈተሽን ፈቀደ። የአዲስ አበባ ነዋሪ በ2 ቀን ውስጥ መሣሪያውን እንዲያስመዘግብ ተነገረው፤ የቤት ለቤት ፍተሻውም ቀጠለ። አዋጁ የተነሣው የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በሩን የሚያስከፍተው አዋጁ እንጂ የእናንተ «እሺታ» አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ነው። በዚያው ሰሞን በርካታ የትግራይ ተወላጆች ታሰሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ መምሰሉ እንዳሳሰበው ገለጸ፤ ፖሊስ በበኩሉ ሰው በብሔሩ አልያዝኩም ሲል አስተባበለ። ለአንዱ ቤት ፍራሽ ተገልብጦ የሚያልቅ ጉዳይ፣ ለጎረቤቱ የእስር ስጋት ነበር። እንግዲህ «ምን ያስፈራኛል?» ማለት ለማን እንደሚቀል አስቡት። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን አይነኩም ካላቸው መብቶች አንዱ በአንቀጽ 25 የሰፈረው እኩልነት ነው። ቤታችሁ ሊፈተሽ ይችላል፤ በስማችሁ ወይም በቋንቋችሁ ተመርጣችሁ ግን መሆን የለበትም።

ታዲያ ያ ቀን ቢመጣ ምን ይደረግ? አትጋፈጡ፣ ግብ ግብም አትግጠሙ። ረጋ ብላችሁ መታወቂያ ጠይቁ፤ ማዘዣ ካለም አሳዩን በሉ። በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም። ጎረቤት ወይም አከራያችሁን ለምስክርነት ጥሩ። ፈታሾቹ በየክፍሉ ሲገቡ አብራችሁ ሁኑ። የተወሰደ ዕቃ ካለ፣ በተለይ ሞባይል፣ ተዘርዝሮ ይጻፍልን በሉ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ «እዚያኛው ቤት ማን ነው ያለው?» ስትባሉ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። የኪራይ ጠብ፣ የዕቁብ ኩርፊያ፣ የፍቅረኛ ቅናት ሁሉ በጥቆማ ስም የሚወጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። የራሳችሁን በር ክፈቱ፤ የጎረቤትን ግን በወሬ አታስከፍቱ።

ቸር ይግጠመን!