«ሰነፍ» ያልናት ልጅ፦ የደም ማነስ፣ ጾምና የሴት ልጆቻችን ጤና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ነበረችኝ። ከመዝሙር ጥናት ትቀራለች፤ ስትመጣም ግድግዳ ተደግፋ ታንቀላፋለች። አንድ ቀን በጓደኞቿ ፊት «ይህን ስንፍናሽን ተዪው» ብዬ ገሠጽኋት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በዐቢይ ጾም፣ ቅዳሴ ቆማ ሳለ ዐይኗ ጨልሞባት ወደቀች። እናቷ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ደሟ ሲመረመር የደም ማነስ እንዳለባት ታወቀ። ይህን ስሰማ በራሴ አፈርሁ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ያ ተግሣጽ በሌላ ልጅ ላይ እንዳይደገም ነው።

የደም ማነስ ምንድን ነው?

በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሥራው ከሳንባ የተቀበለውን ኦክስጅን ለመላው አካል ማድረስ ነው። ሰውነት ሄሞግሎቢንን ለመሥራት የብረት ማዕድን (አይረን) ያስፈልገዋል። ማዕድኑ ሲጎድል ሄሞግሎቢን ይቀንሳል፤ አእምሮና ጡንቻም የሚፈልጉትን ያህል ኦክስጅን አያገኙም። ዕድሜዋ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ያላት ሄሞግሎቢን ከ12 ግራም በታች ከሆነ የደም ማነስ አለባት ይባላል።

ምልክቶቹም ድካም፣ ራስ ማዞር፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ትምህርት አለመያዝ፣ የዐይን ሽፋን ውስጠኛ ክፍልና የመዳፍ መገርጣት ናቸው። አንዳንድ ልጆች አፈር ወይም ከሰል መብላት ያምራቸዋል። ይህን ያየ ወላጅ ሊቆጣ ሳይሆን ልጁን ወደ ሐኪም ሊወስድ ይገባዋል።

ስለ ምን ልጃገረዶችን ያጠቃል?

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ከአራት እኅቶቻችን አንዷ ገደማ ማለት ነው።

ልጃገረዶችን ለዚህ የሚያጋልጡ ሁለት ነገሮች በአንድ ዘመን ይገናኛሉ። አካላቸው ፈጥኖ ያድጋል፤ በዚያው ጊዜም ልማደ አንስት (የወር አበባ) ይጀምራቸዋል። በየወሩ ከሚፈስሰው ደም ጋር የብረት ማዕድን ይወጣል። በባዶ እግር ሲኬድ በቆዳ የሚገባው የመንጠቆ ትል ደም ሲመጥ፣ ወባም የደም ሕዋሳትን ሲያፈርስ ጉድለቱ ይብሳል። በዚህ ሁኔታ ያደገች ልጅ በኋላ ስታረግዝ እርሷም ፅንሱም ለአደጋ ይጋለጣሉ።

እኛ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ስለ ልማደ አንስት ለልጃገረዶች የምንነግራቸው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ ስለ መግባትና ስለ መቁረብ ያለውን ሥርዓት ነው። ስለ ጤናው ግን ዝም እንላለን። ልጅቱም ደሟ ከሰባት ቀን በላይ ሲፈስስ ወይም በየሰዓቱ ሞዴስ እስከ መለወጥ ስትደርስ ይህ ለሐኪም የሚነገር መሆኑን ሳታውቅ ትቀራለች። በወንጌል 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት የጌታን ልብስ ዳስሳ ስትድን፣ ጌታ በሕዝብ መካከል «ልጄ» ብሎ እንደ ጠራት እናስታውስ። እርሱ ያላፈረባትን እኛ ልናፍርባት አይገባም።

ጥፋተኛው ጾም ነውን?

አንዳንዶች የደም ማነስን ወዲያው ከጾም ጋር ያያይዙታል። እርግጥ ነው፣ ሰውነት ከሥጋና ከጉበት የሚገኘውን የብረት ማዕድን ከእህል ከሚገኘው ይልቅ በቀላሉ ይወስዳል። ነገር ግን ነቢዩ ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ የንጉሥን ማዕድ ትተው ጥራጥሬ ሲመገቡ ፊታቸው አምሮ መታየቱን መጽሐፍ ይነግረናል። ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ጤፍና ጎመን የብረት ማዕድን አላቸው። ልናስተውል የሚገባን እንዴት እንደምንመገባቸው ነው።

አንደኛ፣ ከምስር ወጡ ወይም ከሽሮው ጋር ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ፣ ጥሬ ቃሪያ ወይም ብርቱካን ይቅረብ። በእነዚህ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነት የእህሉን ብረት እንዲወስድ ይረዳዋል። ሁለተኛ፣ እናቶቻችን ሊጥ ማቡካታቸውና ባቄላ ዘፍዝፈው በቆልት ማድረጋቸው ትልቅ ጥቅም አለው፤ በእህሉ ውስጥ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ፊታት የተባለው ንጥረ ነገር በዚህ መንገድ ይቀንሳልና። ሦስተኛ፣ ቡናና ሻይ የብረቱን መዋሐድ ያውካሉ። ስለዚህ ጾም እንደ ተፈታ ከማዕዱ ጋር ቡና ከማቅረብ ይልቅ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ማቆየት ይሻላል። በፍስክ ወራትም ሥጋ ሲገኝ ለወንዶች ልጆች ብቻ ሳይሆን ለሴት ልጆችም እኩል ይድረሳቸው።

የታመመች ልጅ ግን በሕመሟ ላይ ጾምን በራሷ ፈቃድ አታክብድ። ሐኪሟ የሚላትን ይዛ ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር። ጠበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድም አይቃረኑም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናልና።

ትምህርት ቤቶችና ሰንበት ትምህርት ቤቶች ምን ያድርጉ?

የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ በስፋት በሚታይባቸው አካባቢዎች ለልጃገረዶች በሳምንት አንድ ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 2.8 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ክኒን እንዲሰጥ ይመክራል። ትምህርት ቤት ይህን ሲያድል አስቀድሞ ለወላጆች ቢያስረዳ ጥርጣሬን ያርቃል። ክኒኑ የወሊድ መከላከያ አይደለም። ሰገራን ሊያጠቁር፣ ሆድንም ጥቂት ሊያውክ ይችላል፤ ይህ ግን አያስደነግጥም። የዕደላው ቀን ከረቡዕና ከዓርብ ውጭ ቢሆን ጿሚ ተማሪዎች አይቸገሩም፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ወደ ቤት ወስደው በማዕድ ሰዓት ሊወስዱት ይችላሉ። ሕመሙ በምርመራ የተገኘባት ልጅ ግን ሳምንታዊው ክኒን አይበቃትምና ሐኪም ያዘዘላትን ትፈጽም።

ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችንም ከአጥቢያው ምእመናን መካከል ሐኪም ወይም ነርስ የሆኑ እኅቶችን ጋብዘው፣ በተለይ ከአጽዋማት መግቢያ በፊት፣ ልጃገረዶችንና እናቶችን በአንድነት ቢያስተምሩ መልካም ነው። ጫማ የማድረግን፣ እጅ የመታጠብንና የትል መድኃኒት የመውሰድን ጥቅም ወንዶቹም ይስሙ።

ከላይ ያነሣኋት ተማሪዬ ሕክምናዋን ተከታትላ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ መዝሙር ጥናቷ ተመለሰች። እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት። አሁን በጉባኤ መካከል የምታንቀላፋ ልጅ ሳይ ከተግሣጽ በፊት «እንዴት ነሽ? ያምሻል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ወላጆችና መምህራን ሁላችን በዚህ ጥያቄ ብንጀምር ብዙ ልጆች ሳይወድቁ ይደረስላቸዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።