የሐኪም ቃልና የወታደር ጡረታ

ተማሪዎች፥ ማመልከቻና የማስረጃ ደብዳቤ መጻፍ በመማሪያ ክፍል የሚጀመርና በዚያው የሚቀር ልምምድ አይደለም። በላስታ ደጋ፥ ከላሊበላ ከተማ ራቅ ባለ ቀበሌ የምትኖሩ ከሆነ፥ ቀለም የቆጠረ ልጅ የጎረቤቱ ጸሐፊ መሆኑን ታውቃላችሁ። የቀድሞ ወታደር የሆኑ አንድ ጎረቤታችሁ ከሆስፒታል ያገኙትን ወረቀት ይዘው መጥተው፥ «ልጄ፥ እስቲ ይህ ለጡረታዬ ይበቃ እንደሆነ ተመልከትልኝ» ቢሏችሁ፥ ምን ትመልሳላችሁ? ይህ ምንባብ መልሱን ለመፈለግ ይረዳችኋል።

ሀ. የማይታየው ጉዳት

ከላስታና ከቀረው የወሎ ክፍል ብዙ ሰዎች በየዘመኑ ወደ ጦር ሜዳ ዘምተዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን፥ ቀጥሎም በሰሜን ግንባር፥ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ደግሞ በባድመና በሌሎች ግንባሮች ውጊያ ተካሂዷል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግማሽ ሚሊዮን ያህል የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተበትነው ወደየቀያቸው ተመለሱ።

ጥይት እጅን ወይም እግርን ሲቆርጥ ጉዳቱ ለማንም ሰው ይታያል። ነገር ግን ቆይቶ የሚነሣ፥ ሥር ሰዶ የሚኖር ሕመም አለ። በአጥንት ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ቆይቶ የሚጥል በሽታ ሊይዘው ይችላል፤ የመድፍ ድምፅ የጎዳው ጆሮ ተመልሶ አይድንም፤ በሌሊት እየባነነ የሚጮህ አእምሮም ቁስለኛ ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ራሱ ስለ ራሱ አይመሰክርም፤ ምስክር ያሻዋል። ምስክሩም ሐኪም ነው።

ለ. ሕጉ የሚለየው

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 የመከላከያ ሠራዊት አባላትንም ያጠቃልል ነበር። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። የ2003ቱን አዋጅ ለምሳሌ ብንወስድ፥ ሕመምን የሚመለከቱ ሁለት ዓይነት የጡረታ አበሎች እናገኛለን። የመጀመሪያው የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ነው። ይህም ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ጤናው ለሥራ ብቁ ባለመሆኑ ለተሰናበተ ሰው የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው የጉዳት ጡረታ አበል ሲሆን፥ በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ወይም በሥራ ምክንያት በመጣ በሽታ የተነሣ መሥራት ለተሳነው ሰው ይሰጣል።

ልዩነቱን አስተውሉ። ሰባት ዓመት ብቻ አገልግሎ በሕመም የተሰናበተ ወታደር በመጀመሪያው መንገድ የዕድሜ ልክ አበል አያገኝም፤ 10 ዓመት አልሞላምና። ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን በሁለተኛው መንገድ ሊያገኝ ይችላል። እንግዲህ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ የሚንጠለጠለው «ታሟል» በሚለው ቃል ላይ ሳይሆን፥ «በምን ምክንያት ታመመ?» ለሚለው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ላይ ነው።

ሐ. «በኋላ» እና «ምክንያት»

በሰዋስው ትምህርታችሁ ጊዜን የሚያመለክት ሐረግ ከምክንያት አመልካች ሐረግ የተለየ መሆኑን ተምራችኋል። የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

1. ከጦር ሜዳ ከተመለሰ በኋላ ታመመ።
2. በጦር ሜዳ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ታመመ።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሚነግረን የጊዜን ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል፤ ነገር ግን ዶሮ ስለ ጮኸ አይነጋም። ሁለተኛው ግን መንሥኤንና ውጤትን ያያይዛል። የሕክምና ቦርድ የሚፈልገው ይህን ማያያዣ ነው።

ደግሞም የሐኪም እርግጠኝነት ደረጃ ደረጃ አለው። «ሊሆን ይችላል» ማለት አይታጣም ማለት ብቻ ነው፤ በዓለም ላይ የማይቻል ነገር ጥቂት ስለሆነ ይህ አነጋገር ብዙ አያስረዳም። «ሳይሆን አይቀርም» ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ማጋደሉን ይገልጻል። «ነው» ደግሞ ጥርጥርን ይዘጋል። ይህ የቃላት ሚዛን በሌላም አገር ይታወቃል። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደር አበል ሲጠይቅ፥ አሁን ሕመም እንዳለበት፥ በአገልግሎት ዘመኑ አንድ ነገር እንደ ደረሰበትና ሁለቱን የሚያገናኝ ምክንያት እንዳለ በአብዛኛው ማስረዳት ይኖርበታል። ሐኪሙም ግንኙነቱ የመኖሩ ዕድል ካለመኖሩ ዕድል ቢያንስ እኩል መሆኑን ከገለጸ፥ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይተረጎምለታል።

መ. ሁለት የሐኪም ማስረጃዎች

ለትምህርት እንዲሆኑ የተዘጋጁትን እነዚህን ሁለት ጽሑፎች አንብቡ።

አንደኛ፦ «ታካሚው የሚጥል በሽታ አለበት። ሕመሙ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ በኋላ የጀመረ መሆኑን ገልጿል። ለሚመለከተው ሁሉ።»

ሁለተኛ፦ «ታካሚውን መርምሬአለሁ። በ1991 ዓ.ም. ጭንቅላቱን በፍንጣሪ ተመትቶ ራሱን ስቶ እንደ ነበር የሚገልጸውን የጦር ክፍሉን የሕክምና ካርድ ተመልክቻለሁ። በራስ ቅሉ ግራ ጎን የቆየ ስብራት በራጅ ታይቷል። ከጉዳቱ በፊት የሚጥል በሽታ እንዳልነበረበት ታካሚውም ቤተሰቡም አስረድተዋል። በራስ ቅል ላይ የሚደርስ ጽኑ ጉዳት ከዓመታት በኋላም ይህን በሽታ እንደሚያስከትል የታወቀ ስለሆነ፥ የታካሚው ሕመም ከዚህ ጉዳት የመነጨ ሳይሆን አይቀርም።»

ሁለቱም ሐኪሞች አንድ ዓይነት በሽታ አግኝተዋል። የመጀመሪያው የበሽታውን ስም ሰጠ፤ ሁለተኛው ግን ምን እንዳየ፥ ምን እንዳነበበና ከዚያ ተነሥቶ እንዴት ወደ መደምደሚያው እንደ ደረሰ አስረዳ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ ማስረጃ አይደለም፤ አሳማኝ የሚያደርገው በውስጡ ያለው ምክንያት ነው።

መልካም ማስረጃ ተቃራኒውን ሐሳብም አይሸሽም። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአካባቢው ደጋ ብርዱ ጽኑ ስለሆነ በብዙ ቤት ውስጥ እንጨትና ኩበት ይነዳል፤ ጢሱም ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ አንድ የቀድሞ ወታደር ሥር የሰደደ ሳል ካለበት፥ ሐኪሙ «ጢሱ ነው ወይስ አገልግሎቱ?» ብሎ ራሱን መጠየቅና መልሱን ከነምክንያቱ መጻፍ ይገባዋል። ይህን ጥያቄ ዘሎ ያለፈ ማስረጃ በቦርድ ፊት በቀላሉ ይወድቃል።

ሠ. ማስረጃው ከየት ይገኛል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በውጊያ ጊዜ ፈሪ እንዳይባል ሕመሙን የደበቀ ወታደር ዛሬ የሚያሳየው ካርድ አይኖረውም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ደግሞ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ መዛግብትም ጠፍተዋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ የስንብት ወረቀትን፥ የድሮ የመድኃኒት ማዘዣን፥ የራጅ ፊልምንና አብረው ያገለገሉ ጓደኞችን የጽሑፍ ምስክርነት መሰብሰብ ያስፈልጋል። ከላሊበላ በጋሸናና በወልድያ በኩል እስከ ደሴ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በሽተኛው ለከፍተኛ ምርመራ ከመነሣቱ በፊት ወረቀቶቹን ማሟላቱ ድካምና ገንዘብ ያድናል።

ጥያቄው ውድቅ ቢሆንም ነገሩ በዚያው አያበቃም። በ2003ቱ አዋጅ መሠረት በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማመልከት ይችል ነበር። ጉባኤው በፍሬ ነገር ረገድ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ወደ ሰበር ችሎት የሚኬደው በመሠረታዊ የሕግ ስሕተት ብቻ ነበር። ስለሆነም ፍሬ ነገሩን ከመጀመሪያው አሟልቶ ማቅረብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ እንረዳለን።

ጎረቤታችሁ ወረቀቱን ሲያሳዩአችሁ እንግዲህ በጨዋነት ተቀብላችሁ ሦስት ነገሮችን ፈልጉ፦ ሕመሙ ተለይቷል? ከአገልግሎቱ ጋር በምክንያት ተያይዟል? ለሥራ ያለው ችሎታ ምን ያህል እንደ ቀነሰ ተገልጿል? አንዱ ከጎደለ፥ ሐኪሙ እንዲያሟላው የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ጻፉላቸው። እውነት ያልሆነውን ግን አትጨምሩ፤ አንድ የሐሰት ቃል እውነተኛውን ሕመም ሁሉ ያስጠረጥራል።

መልመጃ

1. «ከ… በኋላ»፥ «በ… ምክንያት» እና «ከ… የተነሣ» የሚሉትን በመጠቀም ስለ ሕመም ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ፤ የትርጉም ልዩነታቸውንም አስረዱ።
2. በክፍል «መ» ከቀረቡት ሁለት ማስረጃዎች ሁለተኛው የሚበልጠው በምን በምን ነው?
3. «ሊሆን ይችላል» እና «ሳይሆን አይቀርም» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ ግለጹ።
4. የመጀመሪያውን ማስረጃ የጻፈው ሐኪም የጎደለውን እንዲያሟላ የሚጠይቅ፥ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ደብዳቤ በአክብሮት አነጋገር ጻፉ።